«የበጀት ርእስ የለውም» ላሉን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የፍትሕ፣ የማረሚያና የበጀት ሥራ ኃላፊዎች፤
የ2018ን ረቂቅ በጀት በመመርመር ላይ ለምትገኙ የምክር ቤት አባላት፤
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ሰዎችን ተቀብለው ለሚያቋቁሙ አገር በቀል ድርጅቶች የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከመሥሪያ ቤቶቻችሁ ለአንዱ የ11 ገጽ ማመልከቻ ከነአባሪዎቹ አስገብተን ነበር። መልሱ በግንቦት ደረሰን። ሦስት መስመር ነው። ፍሬ ነገሩ «የተጠየቀው ድጋፍ የበጀት ርእስ የሌለው በመሆኑ ጥያቄውን ማስተናገድ የማንችል መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የበጀት ርእስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ርእስ የሌለው ወጪ አይከፈልም። ደብዳቤውን ያረቀቀው ባለሙያ ደንብ ተከትሎ እንጂ ክፋት ይዞት እንዳልጻፈው አውቃለሁ፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ይኸው መንግሥት አንድን ሰው ለዓመታት ለማስጠበቅ ርእስ አለው፤ ለመቀለብ አለው፤ ለማሳከምና ለማሠልጠንም አለው። ሰውዬው የግቢውን በር አልፎ አስፋልቱን በረገጠ ቅጽበት ግን ርእስ አልባ ይሆናል።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። በ2003 እምነት በማጉደል ወንጀል 6 ዓመት ተፈረደብኝ፤ 4ቱን ታስሬ በ2007 በአመክሮ ወጣሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ለዚህ ደብዳቤ ማማር ብዬ ላሳንሰው አልፈልግም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከማረሚያ ቤት የወጡ ሰዎችን የሚቀበል አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። እምነት አጉድሎ የታሰረ ሰው ገንዘብ ያዥ መሆኑ የሚያስቃችሁ ከሆነ ሳቁ፤ እኛም ግቢው ውስጥ ስንስቅበት ዘጠነኛ ዓመታችን ነው። ኦዲተር ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ድርጅቱ የተከራየው ግቢ 14 አልጋ አለው። አንድ ሰው እስከ 3 ወር ይቀመጣል፤ በዚያ ጊዜ መታወቂያ እንፈልግለታለን፣ ሥራ እናፈላልጋለን፣ ቤተሰቡ ካልፈለገው እናስታርቃለን። ገንዘባችን የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነበር፤ ከአካባቢው ዕድሮችና የእምነት ተቋማት፣ ከጥቂት በጎ አድራጊ ነጋዴዎችና ከአንድ የውጭ አጋር። የውጭው አጋር ደግሞ ራሱ በአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ የሚሠራ ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 ዋሽንግተን ላይ የውጭ እርዳታን የሚያግድ ትእዛዝ ሲፈረም፣ እኛ ግቢ ውስጥ የቤት ኪራዩ ገንዘብ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የምንኖረው በዕድሮቹ ነው። ዕድር ደግሞ የሚያውቀው መቅበርን ነው፤ ቀባሪዎቹ ሰው ለማቋቋም ይህን ያህል ሲዘረጉ በጀት መዳቢው እጁን መሰብሰቡ ደስ አይልም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የመፈቻው ቀን ራሱ ነው።

በታኅሣሥ አንድ ሰው ከ11 ዓመት በኋላ ተፈታ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ፣ መሥሪያ ቤቶች ሊዘጉ ሲቃረቡ። የተፈታበት ወረቀት፣ አንድ ፌስታል ልብስና ለታክሲ የሚበቃ ብር ይዟል። የእናቱ ቤት ካዛንቺስ ስለሆነ ካዛንቺስ ወረደ። ሰፈሩን አጣው። የተሳሳተ ቦታ የወረደ መስሎት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና በእግሩ መጣ። የካዛንቺስ ነባር መንደሮች በልማት መነሣታቸውን እስር ቤት ሆኖ በሬዲዮ ሰምቷል፤ «የእናቴ ግቢ ግን አብሮ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም» አለን። የእኅቱ ስልክ አይሠራም። ሦስት ሌሊት ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አድሮ ሰኞ እኛ ዘንድ ደረሰ።

መታወቂያው እስር ላይ ሳለ ጊዜው አልፎበታል። አዲስ ለማውጣት ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው ወረዳ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ የሚያውቁት ጎረቤቶች ይመስክሩ ይባላል፤ ጎረቤቶቹ በከተማዋ ዳርቻዎች ተበትነዋል። አንዱን አራብሳ፣ ሌላዋን ገላን ጉራ ፈልገን አገኘን። 5 ወር ፈጀ። በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ በሆነበት ዘመን መታወቂያ የሌለው ሰው ደመወዝ እንኳ የሚቀበልበት መንገድ የለውም። የ3 ወር ደንባችንን ለእርሱ ጣስን።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2008 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ ቁጥር 108 ላይ፣ የሚፈታ ሰው አስፈላጊ ሰነዶችና የመታወቂያ ወረቀት እንዲያገኝ፣ መጠለያና ሥራ እንዲኖረው፣ ለአየሩ የሚስማማ ልብስና አገሩ የሚያደርሰው ስንቅ እንዲያዝለት ይላል። ደንቡ የሚጠራው በማንዴላ ስም ነው። ማንዴላ በ1954 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ፣ አገሩ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ ተይዞ ለ27 ዓመት የታሰረ ሰው ነው። ኮልፌ መሠልጠኑን በኩራት ስንናገር እሰማለሁ። ቁጥር 108ን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው ግን የለም።

ሁለተኛው ቅሬታ ወረቀት ነው።

ከእኛ ዘንድ ካለፉት መካከል አንድ ጎበዝ አናጺ ነበር። ሙያውን የተማረው እስር ቤት ነው። ወደ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ወሰድነው፤ ባለቤቱ የሠራውን ወንበር ገልብጦ አየ፣ መገጣጠሚያውን በጥፍሩ ፈተሸ፣ «ሰኞ ጀምር» አለ። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ጠየቀ። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የማረሚያ ቤቱ ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰለትና «እንደውልልሃለን» አለ። ያ ልጅ ዛሬ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሲሚንቶ ይሸከማል፤ ምስክር ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቆታል። መንግሥት አሠልጥኖት፣ ሥልጠናውን የሚያከሽፍ ማኅተም አትሞበታል።

ጥበቃ፣ ሾፌርነት፣ ሱቅ ውስጥ መሸጥ የመሳሰሉት ሥራዎች ደግሞ ተያዥ ይፈልጋሉ። ለ8 ዓመት ከሰው የራቀ ሰው የደመወዝ ደብዳቤ ይዞ የሚዋስለት ከየት ያመጣል? ሥራ አስኪያጃችን ለ9 ሰው ተያዥ ሆናለች። ለአሥረኛው ስትቀርብ «አንድ ሰው ለስንት ሰው ይዋሳል?» ብለው መለሷት። እውነታቸውን ነው።

ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ የአሻራ ማረጋገጫ የሚጠይቅ አሠሪም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ስለ መሰየም ይናገራል፤ ቅጣቱን የጨረሰና ጠባዩን ያሳመረ ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ የቅጣት መዝገቡን ማሰረዝ ይችላል። በጽኑ እስራት ለተቀጣ ግን ቢያንስ 5 ዓመት ማለፍ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔም በ2014 ተሰይሜያለሁ። የሚርበው ግን በእነዚያ 5 ዓመታት ነው። ስድስተኛው ዓመት ላይ ማንም ደርሶ አይጠይቀኝም፤ የመጀመሪያውን ዓመት በምን ያልፈዋል ነው ጥያቄው።

ሦስተኛውን ጉዳይ በሰፊው እንድጽፈው ፍቀዱልኝ፤ ማመልከቻችን ውስጥ ከሁሉ ያልተረዳችሁት እርሱን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሰሜን ሸዋ አንድ ገበሬ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ 12 ዓመት ታሰረ። ጨረሰ፣ ተፈታ። ሕጉ ከእርሱ ጋር ሒሳቡን ዘግቷል፤ የሟች ወንድሞች ግን አልዘጉም። ሰውዬው አገሩ ቢገባ ወይ ይገደላል፣ ወይ ነፍሱን ሊያድን ሲል ደግሞ ይገድላል። አዲስ አበባ እንዳይኖር ከእርሻ በቀር የሚያውቀው የለም። እኛ ግቢ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ አጥር ሥር ያለችውን ጎመን ይኮተኩታል። ከሁለቱም ወገን የሚከበሩ 5 ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ አፈላልገን ላክን። መጀመሪያ ሲሄዱ የሟች እናት ከአጥር አላስገባቻቸውም። ለሁለተኛ ጊዜ ሄዱ፤ ሰማቻቸው፣ መልስ ግን አልሰጠችም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ወንድምየው ወጥቶ ተሳድቦ መለሳቸው። አራተኛው ላይ ውኃ አቀረበችላቸው። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ስለ ካሣው አልነገሩንም፤ «ውኃ ሰጠችን» ነው ያሉት። ደሙ ደረቀ፤ ካሣው በሦስት መኸር ተከፍሎ እንዲያልቅ ተስማሙ። ሰውዬው ዛሬ በእኩል ያርሳል፤ የመጀመሪያውን ክፍያም ከፍሏል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 6 ሰው አራት ጊዜ ሲመላለስ የመኪና፣ የምግብና የማደሪያ ወጪ አለ። በገጠር መንገድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ደረሰኝ አይቆርጥም። ያሳደረችው ሴትዮም አትቆርጥም። ኦዲተሩ ቅን ሰው ነው፤ ታሪኩን ከእኔ ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከዚያም «ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ» ብሎ ጻፈ። እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እጽፍ ነበር። ገንዘቡን ሥራ አስኪያጃችን ከኪሷ ተካች። ያ ሰው ሳይታረቅ አገሩ ገብቶ ቢሆን ኖሮስ? አንድ ሰው ይሞታል፣ አንዱ ይታሰራል፤ ለመርማሪው ርእስ አለ፣ ለዐቃቤ ሕጉ አለ፣ ለችሎቱ አለ፣ ለ12 ዓመት ቀለብም አለ። በጀት የጠፋው ለሽማግሌዎቹ የመኪና ዋጋ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ይቅርታ ሲሰጥ አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ይቅርታን አንቃወምም፤ ብዙዎቻችን እርሱን ጠብቀን ያደግን ነን። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ከ4,000 ለሚበልጡ ታራሚዎች ይቅርታ ሲደረግ ውሳኔው ትክክል ነበር። አንዳንድ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻ ያገዱበት ሰሞን በመሆኑ ግን ወደ አገራቸው የሚወስድ መኪና ያጡ ሰዎች እኛ ግቢ 14 አልጋ ላይ 31 ሆነው አደሩ። ርቀታችሁን ጠብቁ በሚባልበት ወቅት! እኛም ዜናውን የሰማነው እንደ ማንኛውም ሰው ከቴሌቪዥን ነበር።

አምስተኛው የእናቶች ጉዳይ ነው። እስር ቤት የተወለደ የ4 ዓመት ልጅ ይዛ የወጣች ሴት ተቀብለናል። ልጁ ውሻ አይቶ አያውቅም፤ አስፋልት ሲሻገር መኪና እንደሚመጣ አያውቅም። የመጀመሪያው ምሽት እናቱን «በሩን ማን ነው የሚቆልፈው?» ብሎ ጠየቃት፤ ካልተቆለፈም አልተኛ አለ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት የእናቱ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የእናቱ መታወቂያ ከላይ የተጻፈው ዓይነት ታሪክ አለው። እርሷ አሁን ደላላ እያነጋገረች ነው፤ ዐረብ አገር ልትሄድ። ለልጁ ማን እንደሚቀርለት ስንጠይቃት እናንተ ናችኋ አለችን። የቤቱ ኪራይ ሰኔ 30 እንደሚያልቅ አልነገርናትም።

በሕጉ በኩል ያለውን በአጭሩ ልበል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን በፍትሕና በሰብአዊ መብት ጉዳዮች የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተገድቦ ስለነበር፣ የእስረኛን ጉዳይ የነካ ሁሉ ሥራውን በሌላ ስም ይጠራ ነበር። እኛም «የሙያ ሥልጠና» እንባል ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን አነሣ፤ ስለዚህም አመስጋኞች ነን። አዋጁ በተጨማሪ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲቋቋምና ለአደጋ ተጋላጭ ከሆኑ የኅብረተሰብ ክፍሎች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችን እንዲያበረታታ ደንግጓል። ትናንት ከእስር የወጣ፣ ቤትም መታወቂያም ዘመድም የሌለው ሰው ተጋላጭ ካልሆነ ተጋላጭ ማን ነው? ማመልከቻችን ውስጥ ይህንኑ ጠይቀን ነበር። ሦስቱ መስመሮች አልነኩትም።

«ሥራ አጡ ወጣት፣ ተፈናቃዩ፣ የወንጀሉ ተጎጂ ራሱ መች ድጋፍ አገኘና ለወንጀለኛ እንመድባለን?» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። የራሴ ወንድም ይለዋል፤ በየበዓሉ ምሳ ላይ። ተጎጂው አለመደገፉ እውነት ነው፤ ለእርሱም ርእስ ይከፈትለት። ነገር ግን ያ ገበሬ የመጀመሪያውን ካሣ ለሟች እናት የከፈለው ከእኛ ግቢ ወጥቶ አርሶ ነው። እስር ቤት ቢመለስ እርሷ ምንም አታገኝም ነበር። ደግሞም የተፈረደበት ሁሉ የሞት ወይም የዕድሜ ልክ ፍርደኛ አይደለም፤ ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ አንድ ቀን ወጥተው ጎረቤታችሁ ይሆናሉ። ወኅኒ ቤት የነበረውን ስም ማረሚያ ቤት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ጽሑፍ ከታረመ በኋላ ወደ ማተሚያ ቤት ይላካል እንጂ መንገድ ላይ አይጣልም።

በምክር ቤቱ ፊት ያለው የ2018 ረቂቅ በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1. ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ሰዎችን ለሚቀበሉ አገር በቀል ድርጅቶች ድጋፍ የሚሰጥበት የበጀት ርእስ በስሙ ይከፈት። ገንዘቡ በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ቢሆን አንከራከርም፤ ርእሱ ይኑር።

2. የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንዱ ለዚህ ሥራ በግልጽ ክፍት ይደረግ፤ መስፈርቱም ይነገረን።

3. የፋይዳ ምዝገባ ከመፈቻው ቢያንስ 3 ወር አስቀድሞ እዚያው ማረሚያ ቤት ውስጥ ይከናወን፤ እስር ቤት ለተወለዱ ልጆችም የልደት ምዝገባ እንዲሁ።

4. በእስር ላይ ለሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ምስክር ወረቀት የሚሰጠው የሙያ ብቃት መዛኙ አካል ይሁን፤ የማረሚያ ቤት ስምም ማኅተምም አይኑርበት።

5. ለእርቅ ሥራ የሚወጣ ወጪ በሽማግሌዎቹ ፊርማና በቀበሌው ማኅተም እንዲወራረድ የሚፈቅድ የሒሳብ አሠራር ይውጣ። ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ፤ ሁለት ገጽ ነው፤ ብትጠሩኝ ይዤ እመጣለሁ።

6. ይቅርታ ሲወሰን የሚፈቱት ሰዎች ብዛትና የሚሄዱበት አካባቢ ከቀኑ በፊት ለተቀባይ ድርጅቶች ይገለጽ። ስም አንፈልግም።

7. ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰው አይፈታ። ይህኛው ምንም በጀት አይጠይቅም።

ከየማረሚያ ቤቱ አሁንም ስልክ እየተደወለ «ነገ አንድ ሰው ይወጣልና ተቀበሉት» ይሉናል። እስከ ሰኔ 30 እንቀበላለን። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለሚደውሉልን ምን ብለን እንደምንመልስ እስከዚያው በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱ ሦስት መስመርም ቢሆን ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር

የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛና የቀድሞ ታራሚ፣
ስለ 14ቱ ነዋሪዎችና ስለ 5ቱ ተቀጣሪዎች

ግልባጭ፦
– ኪራይ ለሚከፍሉልን ዕድሮች
– ለአከራያችን